መስታወቷ ወርዶ የቀረች መኪና

ማሻገሪያዎችን የሚመረምረውን ኢንጂነር ግራዲሚርን ያገኘው ዓሣ አጥማጅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከስታራ አዳ መንደር የጀልባ ማሻገሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሸምበቆ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል። እኔ ከወረዳው ከተማ ተነስቼ ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። አዛዤ ራይኮ ግን ቀድሞኝ ደርሶ፣ ገዳዩንም አግኝቶ ጨርሷል።

«አለቀ፣ ኔቬንካ» አለኝ እጁን እያፋተገ። «አንቺ ወረቀቱን ብቻ አዘጋጂ።»

ገዳይ የተባለው ሰው ካቴና ገብቶለት ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ዳኑት ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከሩማንያ መጥቶ ከወንዙ ማዶ በርበሬ እርሻ ላይ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ። የመንደሩ ሰው መኪናዋን ከቧታል። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ በመስታወቱ ላይ ምራቋን ተፋች። ራይኮ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩት።

«የሟቹ መኪና ማዶ ቆማለች። ይሄም የሚኖረው ማዶ ነው። የሟቹን ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሶ ነው የያዝነው፤ ኮሌታው ላይ የሰውየው ስም አለበት። ትናንት ከሰዓት እዚሁ መሳፈሪያው ላይ ሲጯጯሁ አራት ሰው አይቷቸዋል። ማዶ ገደለው፣ ወንዝ ውስጥ ጣለው፣ ወንዙ ወደዚህ ገፋው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ፎቶግራፍ?»

«መኪናዋን ማን አሻገራት?»

«ሟቹ ራሱ ነዋ! ቀን ተሻግሮ ነበር።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ማዕከላዊ ወህኒ ቤት ይሄዳል። ጋዜጠኞች ጠርቻለሁ፤ እንዳታዋርጂኝ።»

ደሜ ፈላ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዬ ማዕከላዊ ወህኒ የገባ ሰው ፋይል እንዴት እንደሚቀበር አይቻለሁ። ሰውየው የውጭ አገር ድሃ ከሆነማ መልሶ የሚከፍተው የለም። ሁሉም ነገር ከአሥር ሰዓት በፊት ማለቅ ነበረበት።

ከዳኑት አጠገብ ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ከኢንጂነሩ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም፣ እመቤት። መስታወቱ ዝግ ስለነበረ ነው።»

«እንዴት?»

«እዚህ መሳፈሪያው ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጽፋል። ትንኝ ይፈራል፤ አራቱንም መስታወት ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ አልሰማኝም። ጮህኩ። እሱም ጮኸ። በኋላ ሰማዩን አየና በሩን ለአፍታ ከፍቶ የዝናብ ልብሱን ወረወረልኝ። ‹አንተ እግረኛ ነህ፣ ነገ ትመልስልኛለህ› አለኝ። ከዚያ ትንኝ እንዳይገባ በሩን መልሶ ጠረቀመው።»

«ስንት ሰዓት ተሻገርክ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በመጨረሻው ጉዞ፣ ከአሻጋሪዋ ከእትዬ ኢሎንካ ጋር። እሱ ከነመኪናው እዚህ ቀረ።» የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እመቤት፣ ሚስቴ ብቻዋን ናት። ፍሎሪካ። የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ጎጆው ውስጥ ውኃ እንኳን የሚያቀብላት የለም።»

ወጥቼ የታሸገውን የዝናብ ልብስ አስመጣሁ። ስሙን አይተው አሽገውታል እንጂ ኪሱን የነካው የለም! የውስጥ ኪሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። «77-4016» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ «ቆርቆሮው የታለ?» ተብሎ ተጽፏል። ለራይኮ አሳየሁት።

«የስልክ ቁጥር ነው» አለና ትከሻውን ሰበቀ።

የስታራ አዳ ማሻገሪያ ሁለት መኪና የሚይዝ ጠፍጣፋ የብረት ጀልባ ነው። ሞተር የለውም። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ታስሮ፣ አሻጋሪዋ አፉ በተፈለፈለ የእንጨት መጎተቻ ገመዱን እየነከሰች ትጎትተዋለች። አሻጋሪዋ ኢሎንካ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ክንዷ የጎረምሳ ነው።

«እትዬ ኢሎንካ፣ ኢንጂነሩን ትናንት አሻግረውታል?»

«አላሻገርኩም! ለዚያ ለቦርጫሙ አለቃሽ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በዚህ ዳር ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሩማንያዊውን ልጅ አድርሼ ተመለስኩ፣ ጀልባውን እዚህ አሰርኩ፣ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስመጣም እዚሁ ታስሮ ነው ያገኘሁት። ከሁለቱ መጎተቻዎቼ ግን አንዱ የለም።»

«ቤት ማን ነበር?»

«እኔና ዶሮዎቼ።»

«ኢንጂነሩን ሲረግሙት ተሰምተዋል ይላሉ።»

«ረግሜዋለሁ! ማሻገሪያሽ አደገኛ ነው፣ አዘጋዋለሁ ሲለኝ ምን ልበለው፣ ልሳመው?»

አልዋሽም፣ ጠረጠርኳት። ጀልባውን መጎተት ትችላለች፤ ሰውየውን ጠልታዋለች፤ ምስክር የላትም። ራይኮም «ለሩማንያዊው የምትዋሽለት ራሷን ለማዳን ነው» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሁለቱንም አንድ ካቴና ውስጥ ማስገባት ቢችል ደስታው ነው።

ቀጥዬ የመንደሩ ሊቀመንበር ቬሊሚር ጋ ሄድኩ። ቤቱ ከማሻገሪያው ሽቅብ፣ ከራሱ የጠጠር ማውጫ አጠገብ ነው። ኢንጂነሩ ማክሰኞ ዕለት ከእሱ ጋር ምሳ በልቷል። ግቢው ውስጥ ጋሮቭ የሚባል ጥቁር ውሻ ጥርሱን አሳየኝ።

«ጋሮቭ፣ ተው! ይግቡ ኢንስፔክተር። ምን ዓይነት ሐዘን ነው የወረደብን! ጨዋ ሰው ነበር።» ቬሊሚር ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። «እኛ እኮ እንግዳ ሠራተኛ እንደ ሰው እየተቀበልን ነው የተቃጠልነው።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ እራት ላይ። የዓሣ ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት። ሃያ ሰው ይጠይቁ።»

«ማሻገሪያውን መጎተት ይችላሉ?»

«ድሮ በወጣትነቴ። አሁን ወገቤ የት ያስችለኝና? ያን ገመድ ከነካሁ ሦስት ዓመቴ።»

ውሻው ተከትሎን ገብቶ፣ ወንበር ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ የአደን ኮት እጅጌ ይልስ ጀመር። ቬሊሚር በጫማው ጫፍ መታው። ውሻው ዞሮ መጥቶ እንደገና ላሰ።

«የዓሣ ሾርባዬ ሸቶት ነው» አለ እየሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ የሟቹን መኪና ለማየት ወደ ማዶ ለመሻገር ወሰንኩ። የምርመራ ዕቃዬን ስለያዝኩ መኪናዬን ይዤ ጀልባው ላይ ወጣሁ። ሞተሩን ገና ሳላጠፋ ኢሎንካ በመዳፏ የመኪናውን ክዳን ደበደበችው።

«መስታወት አውርጂ! አራቱንም! ከዚያ ውረጂ! ማንበብ አትችዪም እንዴ?»

ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «መስታወት አውርድ፣ ከመኪና ውረድ።» ከሥሩ የሊቀመንበሩ የቬሊሚር ፊርማ አለ።

«ከተሜ!» አለች፣ ወርጄ አጠገቧ ስቆም። «እዚህ በዝናብም በበረዶም መስታወት ይወርዳል። የሦስት ዓመት ልጅ እንኳን መኪና ወደ ወንዙ ሲወርድ ሲያይ እጁ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። መልሰን የምንዘጋው ማዶ ዳገቱን ወጥተን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ኢሎንካ መጎተቻዋን ገመዱ ላይ አስነከሰች። «አስተማሪዋ ከሞተች ጀምሮ። የዛሬ ሦስት ዓመት። ገመዱ ከማሰሪያው ላይ አፈተለከ፣ ጀልባው ተንገጫገጨ፣ መኪናዋ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ተንሸራትታ ገባች። መስታወቱ ዝግ ነበር፤ መውጣት አልቻሉም። ያን ቀን የሚያሻግረው ባሌ ላዮሽ ነበር። ሰክሮ ነው አሉት። ላዮሽ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለገና ብቻ ነበር የሚቀምሰው። ሰካራም ነፍሰ ገዳይ እየተባለ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አደጋው እንደደረሰ ወዲያው አዲስ ገመድ ተገዛ ተባለ፣ ቬሊሚር ንግግር አደረገ፣ ሥራው ለእኔ ተረፈ። አትቁሚ፣ ያዢና ጎትቺ! እዚህ ሁሉም ይጎትታል።»

መጎተቻ ስላልነበረኝ በእጄ ያዝኩት። መዳፌ ጠቆረ፤ የሚያሙለጨልጭ ነገር እስከ እጅጌዬ ወጣ።

«ይሄ ምን ግራሶ ነው፣ እትዬ ኢሎንካ? ጠረኑ የምግብ ነው።»

«የአሳማ ሞራ ነው። ግራሶ ስጡኝ ብዬ ስጽፍ ቬሊሚር ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አዲስ የተባለው ገመድ ደግሞ ይጮሃል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጓዳዬ ሞራ አምጥቼ፣ ጥቀርሻ ለውሼ ቀባሁት። ከዚያ በፊት ቀብቼው አላውቅም፤ ለሌላ ሰውም አልነገርኩም። ያሳፍራላ!»

ወረቀቱ ላይ የነበረው ቁጥር ትዝ አለኝ፤ አዲስ የብረት ገመድ ከፋብሪካ የሚወጣው ቁጥሩ በቆርቆሮ ታስሮበት ነው። «ገመዱ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ አለ?»

«ኢንጂነሩም ይህንኑ ጠየቀኝ። ምንም ቆርቆሮ የለውም።»

የሟቹ መኪና ከማዶው መሳፈሪያ በላይ፣ ከዳገቱ ሥር፣ አኻያ ዛፎቹ መሃል ቆማለች። የጥበቃው ፖሊስ አጠገቧ ጥላ ሥር ተኝቷል። በሯን ከፍቼ መቀመጫውን ስነካው ውኃ ወጣ። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ ንጋት ገብቶባታል። አራቱም መስታወቶች እስከ ታች ድረስ ወርደው ነበር።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ትንኝ የሚፈራው ግራዲሚር ቀኑን ሙሉ በሙቀት እየተቀቀለ ያልከፈተውን መስታወት ማታ አራቱንም አይከፍትም። ዳኑት በእግሩ ነው የሚሻገረው፤ መኪና መንዳት ይችል እንደሆነም እንጃ። ደግሞስ በዚያ ዶፍ ዝናብ አራት መስታወት የሚያወርድ ምን ዓይነት ዘራፊ ነው? ይህችን መኪና ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጀልባ ላይ ያወጣት ሰው አለ። ማንም ሳይጮህበት፣ ጭንቅላቱ ሌላ ነገር እያሰበ፣ እጁ ብቻውን መስታወቱን አወረደ። ማዶ ደርሶ ጥሏት ሲሮጥ ዳገቱን ስላልወጣ መዝጋቱን ረሳ። ከዚያ ጀልባውን ጎትቶ መልሶ አሰረው። ይህን የሚያደርገው የስታራ አዳ ሰው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ምራቁን ሲተፋ የዋለ መንደር የራሱን ሰው ደብቆ እንግዳ አሳስሯል።

ጎጆው ከዚያ ሩቅ ስላልነበረ ሄጄ አየኋት። ፍሎሪካ በሩ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች። «ዳኑት?» አለችኝ። ውኃ ቀድቼ አጠገቧ አስቀመጥኩና የጥበቃውን ፖሊስ ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አዋላጅ እንዲያመጣ ላክሁት። ሊያንገራግር ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ሮጠ።

ወደ ስታራ አዳ ስመለስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። የእሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ቶሻ የሚባለው ሹፌር ትልቁን ድስት እየፈተገ ነው።

«ቬሊሚር ትናንት ከዚህ አልተነሳም?»

«ንቅንቅ አላለም። ድስቱን ትቶ የት ይሄዳል?»

«ዝናቡ ሲጀምርስ?»

«ዝናቡ ሲጀምርማ ድስቱን ተሸክመን ወደ ውስጥ ሮጥን።»

«ቬሊሚርም ተሸከመ?»

ቶሻ መፈተጉን አቆመ። «አይ፣ እሱ ፓስታውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ። የእኛ ሾርባ ያለ ፓስታ አይበላም።»

«መቼ ተመለሰ?»

«እሱማ አበገነን! ሾርባው ቀዝቅዞ እንደገና አሞቅነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ‹ሚስትህ ስንዴውን እየዘራች ነው ወይ?› ብለን አላገጥንበት። እንደ አይጥ በስብሶ መጣ…» ድምፁ ቀነሰ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም።»

«ብለሃል፣ ቶሻ። ሃያ ሰው ይህን እያወቀ አፉን ሞልቶ ‹አልተነሳም› ሊለኝ ነበር። አታፍሩም?»

ወደ ድስቱ ዞሮ መፈተጉን ቀጠለ።

ቬሊሚር ግቢ ስገባ ጋሮቭ እንደ ጠዋቱ ጥርሱን አላሳየኝም። ጅራቱን እየቆላ መጣና እጄን ይልስ ጀመር። መዳፌን ላሰው፣ ጣቶቼ መሃል ገባ፣ እጅጌዬን ጠረገልኝ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም፤ ዓሣ የሚባል ነገርም አልነካሁም። እጄ ላይ የነበረው የማሻገሪያው ገመድ ሞራ ነው።

አረንጓዴው ኮት ትዝ አለኝ።

ወደ ቤቱ ከመግባቴ በፊት ግን ከአጥሩ ባሻገር ወደ ጠጠር ማውጫው አየሁ። ጠጠር የሚዝቀው ጀልባ ከዳር ጋር በወፍራም የብረት ገመድ ታስሯል። የሚያብለጨልጭ ገመድ ነው። ወርጄ ጫፉን ፈለግኩ። ቆርቆሮው እዚያ ነበር፣ በሁለት ቀጭን ሽቦ ታስሮ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። 77-4016።

ለራይኮ ደወልኩ። «ሁለት ፖሊስ ይዘው ቬሊሚር ቤት ይምጡ።»

«አብደሻል? ሊቀመንበሩ ጋ?»

«ይምጡ አልኩ! አለዚያ ለጠሯቸው ጋዜጠኞች እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ሲደርሱ ቬሊሚር ሳሎኑ ውስጥ ኮቱን ታቅፎ ለእሳት ሲያዘጋጅ ነበር። በዚያ የሰኔ ሙቀት ምድጃ ነድዷል።

«ይስጡኝ» አልኩት።

«የዓሣ ሾርባ ነው ያልኩሽ እኮ።»

«ይሄ ሞራና ጥቀርሻ ነው። ኢሎንካ ገመዱን የቀባችው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ ገመዱን ከነካሁ ሦስት ዓመቴ ብለዋል። ግራሶ ቢሰጧት ኖሮ ኮትዎን የሚልስ ውሻ አይኖርም ነበር።»

«የመንደሩ ሰው ሁሉ…»

«ለማሻገሪያው የተገዛው ገመድ የእርስዎ ጠጠር ጀልባ ላይ ነው። ቁጥሩ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። እሱ ቆርቆሮውን ሲፈልግ እርስዎ ለፓስታ ብለው ወጡ። በኢሎንካ መጎተቻ ከኋላው መቱት። መኪናውን ማዶ የወሰዱት ያ ልጅ ማዶ ስለሚኖር ነው። ግን መስታወቱን አወረዱ። የራስዎ ሕግ ነው፣ የራስዎ ፊርማ!»

ራይኮ አፉን ከፍቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። ቬሊሚር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያፈረ አይመስልም፤ የተናደደ ነው የሚመስለው፣ እኛ የበደልነው ይመስል።

«ለአንዲት ሽቦ!» አለ። «ለምኜው ነበር። በወር ውስጥ እቀይረዋለሁ አልኩት። ወይ ፍንክች! ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ አለኝ። የድሮው ገመድስ ምን ሆነ? ማሰሪያውን አጠበቅነው፣ ቀለም ቀባነው፣ ይኸው ሦስት ዓመት ያዘ አይደል?»

አስተማሪዋንና ሁለቱን ልጆች አሰብኩ። ጠዋት በዚያ ገመድ ላይ መኪናዬን ይዤ መሻገሬንም አሰብኩ። ልመታው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ራይኮ ያዘኝ። ካቴናውን አጥብቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ «አመመኝ» ሲል አላላላሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዳኑት ተፈታ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ራይኮ ካቴናውን ፈትቶ «ሂድ» አለው፣ ጠፍቶ የተገኘ ከብት የለቀቀ ይመስል። እኔ እየመራሁ ወደ ማሻገሪያው ወሰድኩት። መኪናዬን ጀልባው ላይ አላወጣሁም። ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ይችለናል ብዬ አሰብኩ፤ በድልድይ መዞር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ልጁ ደግሞ ሁለት ሰዓት አልነበረውም።

ለኢሎንካ ማዶ ደርሰን ልነግራት አስቤ ነበር። እሷ ግን ወንዙ መሃል ላይ ጠየቀችኝ።

«ቬሊሚር ነው አሉ። ኢንጂነሩ ምን አግኝቶበት ነው?»

ዋሽቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ገመዱን፣ እትዬ ኢሎንካ። አዲሱን ለራሱ ወስዶታል። ይሄ የድሮው ነው። አስተማሪዋ የሞተችበት።»

መጎተቷን አቆመች። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ መልሳም ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ደጋግማ ጠረገችው።

«ላዮሽ አልሰከረም ነበር» አለች።

«አልሰከረም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው አሻገርኩ። ልጆች አሻገርኩ። የጓዳዬን ሞራ አበላሁት!»

ጀልባው መሃል ወንዝ ላይ ቆሞ ይወዛወዛል። ዳኑት መጎተቻውን ከእጇ ወሰደና መጎተት ጀመረ። ማዶ እንደደረስን ዘሎ ወርዶ በሽቅቡ መንገድ ሮጠ። ጎጆው አካባቢ የአዋላጇ ብስክሌት ቆሞ አየሁ፤ ቀጥሎም የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ዳኑት ለቅሶውን ሲሰማ አንዴ ተደናቅፎ ወደቀና ተነስቶ ሮጠ።

ኢሎንካ ጀልባውን በሰንሰለት አሰረች። ቆልፋ ቁልፉን ወንዙ ውስጥ ወረወረችው። የሞራውን ጣሳ አስከትላ ወረወረች።

«እኔስ በምን ልመለስ?» አልኳት።

«በድልድይ። ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው።»

በዚህ መሃል ከስታራ አዳ በኩል ደወል ተደወለ። ወዲያ ማዶ ያለ መንገደኛ ጀልባ የሚጠራበት ደወል ነው። ራይኮ ነበር። የሟቹን መኪና ከኋላው አድርጎ ፎቶ ሊነሳ ጋዜጠኞቹን ይዞ መጥቷል። ከመኪናው አልወረደም፤ አንዱን ፖሊስ ነው የሚያስደውለው። መስታወቱም ዝግ ነበር።

«እየጠሩ ነው እኮ፣ እትዬ ኢሎንካ።»

ኢሎንካ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

«ይጥሩ» አለች። «ባሌን ሰካራም ሲሉት እኔም እንዲሁ ስጮህ ነበር። ማን መጣልኝ?»